መልካ ቁንጡሬና ጢያ፦ በአንድ ቀን፣ በሚኒባስ

ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች ሰው ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነበር። «መኪና ካለህ ቅርብ ነው።» መኪና የለኝም። የእህቴ ልጅ ደግሞ አራተኛ ክፍል ናት። ስለ ሉሲ ተምራ ከመጣች ወዲህ ጥያቄዋ አላባራም። ብሔራዊ ሙዚየም ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። ሁለተኛው ላይ ከመስታወቱ ፊት ቆማ «ጋሼ፣ የተገኙበት ቦታ ራሱ አይታይም?» አለችኝ።

ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ሩቅ ነው። የጥንት ሰው ቅሪት የተቆፈረበት መልካ ቁንጡሬ ግን ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው የሉሲ ወንዝ፣ አዋሽ፣ ከላይ በኩል የሚያልፍበት ቦታ። ጢያ ደግሞ በዚያው በቡታጅራ መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ሁለቱም ሕዝብ ማመላለሻ ቀኑን ሙሉ በሚመላለስበት አስፋልት ላይ ናቸው። ታዲያ ለምን መኪና ካልተገኘ አይኬድም? ይህን አሰብኩና ለእህቴ ነገርኳት። ስለ መንገዱ ሰላም ሁለት ሾፌሮች ጠየቅን። ደህና ነው አሉን። ማንም ሰው ይህን ሳይጠይቅ ባይወጣ ደስ ይለኛል።

ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ከሜክሲኮ በታክሲ ዓለም ገና። የቡታጅራው መንገድ ከጅማው የሚገነጠለው እዚያ ነው። ረዳቶቹ «ቡታጅራ፣ ቡታጅራ፣ አንድ ሰው!» ይላሉ። አንድ ሰው የተባለው መኪና ውስጥ አምስት ሰው ቢጨመርም «አንድ ሰው» መባሉ አይቀርም። እኛ መልካ አዋሽ (መልካ ቁንጡሬ ያለበት ነው) ወራጅ ነን ስንል ረዳቱ ፊቱን አጠቆረ። ልክ ነው፤ እኛ የያዝነውን ወንበር እስከ ቡታጅራ ድረስ በሙሉ ሂሳብ የሚሄድ ሰው ይፈልገዋል። ትንሽ ጨምረን ከፈልንና ተስማማን። ለዚህ ጉዞ የሚነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። አጭር መንገድ የሚሄድ ተሳፋሪ ተፈላጊ አይደለም፤ ስለዚህ በትሕትና መጠየቅና ዝርዝር ብር መያዝ ነው።

ጤፉ ሊታጨድ ተቃርቧል። መስኩ ወርቅ መስሏል። ልጅቷ መስኮት ይዛለች። እኔ ከጎኔ ጭነት ላይ የተጫነች ዶሮ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጫለሁ።

ረዳቱ ረሳን። ድልድዩን ካለፍን በኋላ ነው «ወራጅ አለ!» ብዬ የጮኽኩት። ወደ ኋላ በእግር ተመለስን። ይህ ስህተት ግን ጠቀመን፤ ድልድዩን በእግራችን ተሻገርነው። አዋሽ ታች ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ልጅቷ ባሕር የሚገባው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባሕር አይገባም። አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ይህ በጣም አሳዘናት።

ሙዚየሙ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ክብ ክብ፣ እንደ ጎጆ የተሠሩ ቤቶች ናቸው፤ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። አንዱ ቤት ስለ አካባቢው እሳተ ገሞራና አፈር ያስረዳል፣ ሌላው ስለ ሰው ዘር፣ ሌላው ስለ ድንጋይ መሣሪያዎች። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የሚባል የሆላንድ የውኃ ባለሙያ ነው። ከዚያ ዣን ሻቫዮን የመሩት የፈረንሳይ ቡድን ለብዙ ዓመታት ቆፈረ። በኋላ ሥራው ወደ ጣሊያኖች ተላልፎ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጪት በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። ይህን የሚያህል ነገር ከከተማችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ አለ። በዚያ ቅዳሜ ግን ከእኛ ሌላ የነበሩት ጎብኚዎች አንድ ቤተሰብ ብቻ ነበሩ። ይህ ያንገበግበኛል።

አስጎብኚያችን ወጣት ነው። ልጅቷን አይቶ አነጋገሩን ለእርሷ አደረገው። ጋርባ ከሚባለው ቁፋሮ ስለተገኘው ሕፃን ነገራት። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። የተገኘው የታችኛው መንጋጋው ብቻ ነው። ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ዘሩም ሆሞ ኢሬክተስ የሚባለው የጥንት ሰው። ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ሰው ያን ያህል ቀደም ብሎ መኖሩ ለተመራማሪዎቹ ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ «እናቱስ?» አለች። አስጎብኚው ዝም አለ። ከዚያ «እናቱ አልተገኘችም» አላት።

ወደ ሌላው የቁፋሮ ቦታ፣ ወደ ጎምቦሬ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረን። እዚያ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። የአዋቂ አለ፣ የሕፃናትም አለ። ከሕፃናቱ አንዱ ገና መራመድ የጀመረ፣ አንድ ዓመት ገደማ የሚሆነው ነው። ትንሽ ውኃ ባቆረ ጭቃ ዳር፣ አዋቂዎቹ ጉማሬ እየበለቱና ድንጋይ እየጠረቡ፣ ልጆቹ በመካከላቸው ይሄዱ ነበር። ይህን ስሰማ የእኛ ቤት ጓሮ ታወሰኝ። በግ ታርዶ ሲበለት ልጆች ከሥጋው ዙሪያ መች ይጠፋሉ? «ወዲያ በሉ፣ ቢላ አለ!» ሲባል እንኳ አይሰሙም። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የነበረችው እናት በምን ቋንቋ እንዳለችው አይታወቅም እንጂ፣ ብላዋለች።

መንገዱ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የድንጋይ ስባሪ አለ። ልጅቷ አንድ አነሳች። እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። ወደ ፀሐይ ስትይዘው ጠርዙ ስስ ሆኖ ጭስ የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል፤ መካከሉ ግን ድፍን ጥቁር ነው። አንደኛው ጎኑ ላይ እንደ ዛጎል ጀርባ እየሰፋ የሚሄድ ሞገድ አለው። አስጎብኚው ያ ሞገድ የመመታቱ ምልክት ነው አለን። ድንጋዩ በምት ሲሰበር ነው እንዲህ የሚሆነው። አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ በስሱ አሳለፍኩ። ዛሬም ይቆርጣል። ከዚያ አስጎብኚው «ባለበት መልሽው እሺ፣ ቦታው ለእኛ ማስረጃ ነው» አላት፤ እርሷም ጎንበስ ብላ ያነሳችበትን ስፍራ ፈልጋ በዚያው ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

ይህ ድንጋይ የሚወጣው ከባልጪት ነው፤ ከሙዚየሙ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ መንደር። የቀለጠ ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። በሳይንስ ቋንቋ ኦብሲዲያን ይሉታል። እኛ ግን ስም አለን። ባልጩት። ኦሪት ዘጸአት ላይ ሲፓራ ልጇን የገረዘችው በባልጩት ነው። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን እሰማዋለሁ፤ ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ገና ያን ቀን ነው። እዚህ አገር ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ቆዳ ሲፍቁ ኖረዋል። የጥንት ሰዎችም ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህንኑ ድንጋይ ጠርበው መጥረቢያ ሠርተውበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን እጅ አልተለየውም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ዋናው ችግር የጀመረው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ሾፌሮቹ መሪው ላይ እንዳሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ፀሐዩ ከረረ። ከሱቋ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ጠሩን።

«ልጅቷን ለምን ፀሐይ ላይ ታቆማታለህ? ኑ እዚህ ተቀመጡ።»

«እግዜር ይስጥልን እናቴ። መኪናው ሞልቶ አስቸገረን።»

«ሞልቶ የመጣ አይቆምላችሁም። ሰው የሚያወርድ ነው መጠበቅ። ሲቆም ያኔ ሮጣችሁ ግቡ።»

በርጩማ አወጡልን። ለልጅቷ ቆሎ ዘገኑላት። ገንዘብ ላውጣ ስል ተቆጡኝ። እንዳሉትም ሆነ። አንድ ሚኒባስ ሦስት ሰው አወረደ፣ እኛ ገባን። ልጅቷ ጭኔ ላይ፣ እኔ ኋላ ወንበር መካከል። የራሱን መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ በኩል ሲያልፍ እኚህን እናት አያያቸውም።

ወደ ጢያ ስንቀርብ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት መታየት ይጀምራል። ሶዶ ገባን ማለት ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወረድን። መጀመሪያ ምሳ። ጎመን፣ አይብና ቆጮ። ቆጮው ትኩስ ነበር፤ ልጅቷ ብዙ አልበላችም፣ እኔ ግን የእርሷንም ጨመርኩበት። ከዚያ የእግር መንገድ፣ ያውም አጭር። ትክል ድንጋዮቹ ከከተማዋ ዳር በአጥር ተከልለው፣ ሣር ላይ ቆመዋል።

36 ናቸው። 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የመዘገባቸው ሲሆን፣ በሶዶ አካባቢ ከተገኙት 160 ገደማ ተመሳሳይ ቦታዎች ውስጥ ዋነኛው ይህ ነው። ሰዉ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ቁፋሮው እንደሚያሳየው ከሥራቸው ያሉት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ናቸው። ግራኝ አሕመድ የተነሳው በ16ኛው ነው። ድንጋዮቹ እሱ ሳይወለድ በፊት እዚህ ነበሩ። ሟቾቹ የተቀበሩት እንደ ፅንስ ጉልበታቸውን አጥፈው ነው። ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ቦታው ለእኔ የጉብኝት ቦታ መሆኑ ቀረ። መካነ መቃብር ነው። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

ድንጋዮቹ ላይ ጎራዴ አለ። አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ብዙ። ክብ ነገሮች አሉ። ከግንድ ወጥቶ ወደ ጎን የሚዘረጋ ቅርንጫፍ የሚመስል ምልክትም አለ። አስጎብኚዎች ጎራዴው ሟቹ የገደለውን ጠላት ቁጥር ይናገራል ይላሉ፤ ቅርንጫፉን እንሰት ነው የሚሉም አሉ። የተረጋገጠ ፍቺ ግን እስካሁን የለም። እኔ በበኩሌ አለመፈታቱ አያስከፋኝም። አንዱ ጎራዴ ፊት ተንበረከክን። ቅርጹ ከድንጋዩ ፊት ከፍ ብሎ የወጣ ነው። ማለትም ጠራቢው ጎራዴውን አልቆፈረውም፤ ዙሪያውን ሁሉ ፍቆ ጎራዴውን ነው ያስቀረው። ሰው ለወገኑ ይህን ያህል ደክሟል። ልጅቷ እጇን ከኋላዋ አድርጋ (መንካት አይፈቀድም ብያታለሁ) አፍንጫዋን እስክታስጠጋ ድረስ አየችው።

ሰዓቱ አስር ሲሆን ተነሳን። ከዚህ በላይ መቆየት አይመከርም። ከቡታጅራ የሚመለሱት መኪኖች አመሻሽ ላይ ይሳሳሉ፣ የሚመጡትም ሙሉ ናቸው። ዳግመኛ ብሄድ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ጠዋት ቀጥታ ጢያ፣ ከሰዓት በኋላ መልካ ቁንጡሬ። እንዲያ ከሆነ ጠዋት ዓለም ገና ላይ ረዳቱ ለራቅ ያለ መንገደኛ ፊቱን አያጠቁርም፣ ወደ ማታ መኪና ቢጠፋም ለቤት ቅርብ ሆኖ ነው የሚጠበቀው። ውኃና ዝርዝር ብር መያዝ፣ ጫማ ደግሞ ለድንጋይ የሚሆን። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

አርባ ደቂቃ ጠብቀን የተገኘው ሚኒባስ ውስጥ ልጅቷ እንደገና መስኮት አገኘች። ሲመሽ ብርዱ መጣ፣ መስታወቱም በሰው ትንፋሽ ጉም ለበሰ። በጣቷ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጎራዴ። ከዚያ ሦስት ክብ። ከዚያ ቅርንጫፉን። ከፊታችን የተቀመጡት፣ ነጠላ የደረቡ አባት፣ ዘወር ብለው ብዙ ጊዜ አዩአት። ከቡኢ ነው የተሳፈሩት።

«የጢያው ነው?» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«አይደለም እንዲህ። ልጅ ሳለን ከብት የምንጠብቀው እዚያ ነው፣ አውቀዋለሁ።» እጃቸውን በወንበሩ ላይ አሳልፈው፣ ወፍራም ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ የቅርንጫፉን ጫፎች አንድ በአንድ ወደ ላይ መለሷቸው።