ቡላ በፍየል ሒሳብ

ቡላን በገመድ ይዤ ጢስ ዓባይ መንደር ስገባ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ውሻው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«ከብት እንዳያባርር ብዬ ነው አባባ» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ።

ባሕር ዳር የሐይቁን ዳር ስንመላለስ ከርመናል። ቡላም ሰለቸው፣ እኔም ሰለቸኝ። ቅዳሜ በጠዋት የጓደኛዬ ፒካፕ ላይ ጭኜው ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። (ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። ሞክሬ አፍሬያለሁ።) የፏፏቴውን የእግር መንገድ የምወደው በሄዱበት ስለማይመለሱ ነው። በድንጋዩ ድልድይ ዓባይን ይሻገራሉ፣ ፏፏቴውን ከማዶ ያያሉ፣ ከዚያ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግረው መንደሩ ይገባሉ።

ብዙው ሰው ለፏፏቴው ስለሚቸኩል ድልድዩን ረግጦት ያልፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቡላ ግን መሃሉ ላይ ሲደርስ አልንቀሳቀስ አለ። ድንጋይ በድንጋይ ያሸታል። አይፈረድበትም፤ ገበያተኛው እስከ ዛሬ አህያውን የሚነዳው በዚሁ ላይ ነው። መጎተቱ ሲያደክመኝ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥሬ ዓባይ ጠባብ ገደል ውስጥ ተጨምቆ ይንደቀደቃል። ከተማችን ውስጥ ተንጣሎ የሚተኛው ዓባይ ነው ቢሉት ማን ያምናል?

ይህን ድልድይ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ያሠሩት አፄ ሱስንዮስ ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1626። ግንበኛው ደግሞ ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር። ታዲያ ፖርቹጋል ምን ቤት ነው? እርግጥ ያኔ ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ብዙዎቹ ፖርቹጋላውያን፣ ቤተ መንግሥቱን ከበውት ነበር። ንጉሡም ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡንም ካልሆንክ ስላሉት አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ድልድዩ ግን ቀረ።

የአካባቢው ሰው ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው ይላል። ዳገቱ ላይ ጠላ የሚሸጡ እናት ይህንኑ ነገሩኝና «የዚያን ጊዜ ሰው ዶሮ ወጥ አልበላም ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ለቡላ ጭላጭ ሊሰጡት ነበር፣ እኔ ከለከልኩ።

ፏፏቴው ደህና ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጢሱ ማዶ ድረስ ያረጥባል። በበጋ ለሚመጣ ግን አዝናለሁ። በፈረንጆቹ ከ1964 ጀምሮ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ በዚያው አቆጣጠር በ2001 ሁለተኛው ሲጨመር ደግሞ ለገደሉ የሚተርፈው ይበልጥ ቀጠነ። መብራቱን እኔም እየተጠቀምኩበት ስለሆነ አፌን ሞልቼ አልወቅስም። በወረቀቱ አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለው ይኸው ፏፏቴ ነው። ላስተያየው ኪሴን ብፈትሽ ያለኝ ሳንቲሙ ብቻ።

መከራችን የአላታ ወንዝ ላይ ነበር። ተንጠልጣዩ ድልድይ ሲወዛወዝ ቡላ አራት እግሩን ተከለ። ዳቦ አሳየሁት፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። በመጨረሻ ተሸከምኩት። ክብደቱ ከአንድ ኩንታል ጤፍ አይተናነስም፣ ቢያንስ ለእኔ ወገብ። ከኋላችን የመጣ እረኛ ልጅ ቦርሳዬን ተቀበለኝና «ጋሼ፣ ውሻ ሲታዘል አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም አላየሁም።

ጀልባው ጋ ስንደርስ ነጂው ቡላን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ለእሱም ይከፈላል።»

«ስንት?»

ትንሽ አሰበ። «የፍየል።»

ከፈልኩ። መሃል ወንዙ ላይ ስንደርስ ቡላ ተነሥቶ ውሃው ላይ ይጮህ ጀመር፤ አንዲት ተሳፋሪ ነጠላቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙ። ነጂው ዞር አለና «የፍየል ያልኩህ እኮ ዝም የሚል መስሎኝ ነው» አለኝ።