ባለሱቁ በነፃ የሰጠኝ ሁለት ሚስማር

ቁልፍ ሲጠፋብኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ልጄን ነበር። ቀጥሎ ባለቤቴን። ወደ ራሴ የምመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ቁልፉ ትናንት ለብሼው ከዋልኩት ሱሪ ኪስ ከወጣ በኋላ።

እዚህ ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ቤት አለችኝ። የኛ ሥራ ማለት ጠዋት ነው። ከ1:30 እስከ 2:30 ባለው አንድ ሰዓት ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይጎርፋል። አሳይመንቱን የሚያስረክበው 2:30 ላይ ነው፤ ፕሪንት ማስደረግ እንዳለበት ትዝ የሚለው ግን 2 ሰዓት ላይ። ያን ጊዜ በሬ ዝግ ከሆነ ቆሞ አይጠብቀኝም። ጎኔ ሌሎች ሁለት ቤቶች አሉ። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ቤቴ ውስጥ ፍራሽ እያገላበጥኩ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሦስት ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ልጠርዝላቸው ለጠዋት ቀጠርኳቸው። ቁልፍ ጠፋ። ፈልጌ ሳገኘው ዝናቡ ጀመረ። ጃንጥላው ያለው ሱቅ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌም ጃንጥላዬ ሁልጊዜ እኔ የሌለሁበት ቦታ ነው። ኮንትራት ባጃጅ ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ስደርስ፣ ከሦስቱ አንዷ ብቻ በረንዳው ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ሞትን እኮ!» አለችኝ። ሁለቱ ሄደዋል። የሁለት ጥራዝ ዋጋና የባጃጁን ሂሳብ ስደምረው፣ ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት በነፃ ነው የሠራሁት።

ማታ ስመለስ ሰፈራችን ያለው ሱቅ ገባሁና «ሚስማር አለ?» አልኩ።

«ስንት ኪሎ?»

«አንድ ፍሬ።»

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። ቤት የምሠራ መስሎት ነበር መሰለኝ። ከካርቶኑ ሁለት ሚስማር አውጥቶ «እንካ ባክህ፣ ይህንንስ አልመዝነውም» አለኝ።

ቤታችን መዶሻ የለም። በሩ መቃን ላይ በዘነዘና መታሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። ምንም አልተናገረችም። ዘነዘናውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ገልበጥ አድርጋ ጫፉን አየችው፣ ሄዳ አጠበችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ሚስማር ቁም ሳጥን ላይ ያለ ጣሳ ውስጥ ጣልኩት።

አሁን ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን ሚስማሩ ላይ የሰቀልኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ጠረጴዛ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዳቦው ፌስታል ውስጥ። ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ለካ ሚስማሩን የመታሁት በሩ ሲከፈት በሚሸፍነው በኩል ነው። ስገባ በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላው ቦርሳ ይዣለሁ። ቁልፉን ለመስቀል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ዞሬ መመለስ አለብኝ። ደክሞት የገባ ሰው ማን ይዞራል? ነቀልኩትና በወዲያኛው መቃን ላይ፣ በቀኝ እጄ በኩል መታሁት። የተቀየረው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የጠፋብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቤት እንግዳ ነበር። ጃንጥላውን እዚያው ሚስማር ላይ ከቁልፉ ፊት እሰቅለዋለሁ። ጃንጥላውን ሳልነካ ቁልፉን ማንሳት አልችልም።

ስንት ዓመት ሙሉ «አንተ ዝንጉ» እያልኩ ራሴን ስረግም የኖርኩት ቁልፌ ቦታ ስላልነበረው ነው።

ይህን ስል ከዚያ በፊት ምንም አልሞከርኩም ማለቴ አይደለም። ሞክሬያለሁ፣ ያውም ትልልቁን። በእንቁጣጣሽ «ከዛሬ ጀምሮ» ያላልኩበት ዓመት የለም። አንዱን ዓመት ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳሁ በሩጫ ጅሬን ልወጣ ቆረጥኩ። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ዳገት። የስፖርት ጫማ ገዛሁ። ሁለት ቀን ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ላይ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ጫማው ዛሬ የባለቤቴ ወንድም እግር ላይ ነው፤ አምሮበታል።

አሁን የማደርገው ከሱቅ ወደ ቤት በእግሬ መመለስ ነው። ጠዋት አልሞክረውም። ማታ ግን የሚጠብቀኝ ደንበኛ የለም። መሄዱ እንደሆነ አይቀርም፣ ቤቴ ነው። የአዌቱን ድልድይ ተሻግሬ 35 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስፖርት ብዬ አልጠራውም። ስፖርት ያልኩት ቀን የማቆመው ይመስለኛል።

በጣም ያስቸገረኝ ቡናው ነው። ጅማ ተቀምጦ «ቡና ቀነስኩ» ማለት ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ግቢያችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ማታ 12:30 ሲሆን ያፈላሉ። የቆላው ሽታ ግቢውን ሲሞላው ስም ጠርተው እንኳ አይጨርሱም፣ ሁላችንም ተሰብስበናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካውን ሳልጠጣ ተነስቼ አላውቅም። ከዚያ ሌሊት 6 ሰዓት፣ 7 ሰዓት ጣሪያ ላይ አፈጥጣለሁ። የሥራ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። የኪራይ፣ የቶነር ዋጋ፣ ምናምን።

አንድ የፋርማሲ ተማሪ ጽሑፍ ስተይብ ነው ነገሩ የገባኝ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንደ ሰው ሰውነት ከዚያ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። 12:30 የጠጣሁት፣ ማታ 5:30 ላይ፣ አልጋ ውስጥ ስገላበጥ፣ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው። ሦስት ስኒ ደግሞ።

ታዲያ ለእማማ ምን ይባላል? ቡና ተጠርቶ መቅረት ተጣልቻለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ዋሸሁ። «ጨጓራዬን አሞኛል» አልኩ። በማግሥቱ ተልባ በጥብጠው በትልቅ ብርጭቆ አቀረቡልኝ። ቆመው እስክጨርሰው አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ተልባ በቃኝና እውነቱን ተናገርኩ። ስቀው ሊሞቱ! «ወላሂ፣ እኔ ካልጠጣሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፤ አንተ ልጅ ጠጥተህ ነው የሚጠፋብህ?» አሉኝ።

አልተቀየሙም። አሁን እንደ ድሮው እሄዳለሁ፣ ቆሎዬን እበላለሁ፣ ወሬዬን አወራለሁ። የኔን ስኒ ረከቦቱ ላይ ደፍተው ያስቀምጧታል። ቡናዬን የምጠጣው ሱቅ ነው፣ ከ8 ሰዓት በፊት፣ ሁለት። እሁድ ከምሳ በኋላ ደግሞ እኛ ቤት ይፈላል፤ እሳቸው እንግዳ ናቸው። እንቅልፌ የተስተካከለው በአምስተኛው ቀን ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ራሴን ይወቅረኝ ነበር፣ ይህን የሚሞክር ሰው እንዳይደነግጥ።

አንድ ነገር ከዚህ ተማርኩ። እኔ ቡናውን መተው የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ የፈራሁት ግን ሰዎቹን ማጣት ነበር። ሁለቱ ይለያያሉ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ያን ሁሉ ተልባ አልጠጣም ነበር።

ሌላው ደብተሩ ነው። ማታ የሱቁን ገንዘብ ስቆጥር የቀኑን ወጪ እጽፋለሁ። ገንዘብ መቁጠሩን እንደሆነ መቼም አልረሳውም፣ ስለዚህ ደብተሩን የገንዘቡ ሣጥን ውስጥ አኖርኩት። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ስደምር ከሁሉ የበለጠው ወጪ «ልዩ ልዩ» የሚለው ሆነ። ልዩ ልዩ ምንድን ነው? ማስታወስ አልቻልኩም። በሁለተኛው ወር ያችን ቃል ከደብተሩ አገድኳት። ካርድ ከሆነ ካርድ፣ ማኪያቶ ከሆነ ማኪያቶ። ያኔ ኮንትራት ባጃጁ ራሱን አወጣ። ከመብራትና ከውሃ ሂሳባችን ድምር ይበልጣል። ማንም እንዲህ አድርግ ሳይለኝ ቀነስኩት።

ደብተሩን በዘጋሁ ቁጥር 10 ብር ጣሳዋ ውስጥ እጥላለሁ፤ ያቺ ሚስማሩ ያለባት ጣሳ ናት። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 650 ብር ይሆናል ብዬ ነበር። ሁለቴ ተበድሬያታለሁ። አንዱን መልሻለሁ። በተረፈው የልጄን ደብተርና እስክሪብቶ ገዛን። ሐሙስ ገበያ ስንሄድም የሚገዛውን ቤት ጽፈን ነው የምንወጣው። ሄርማታ ገበያ ዝርዝር ሳይዙ ከገቡ ዘንቢሉ ሞልቶ ሽንኩርት ተረስቶ ነው የሚመለሱት።

የወጥ ቤቱን ነገር ብጽፍ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስቱን መክደን፣ ጠዋት ሻዩን አንዴ አፍልቶ በፔርሙዝ መያዝ፤ ከሰሉ እንዴት እንደሚቆይ አይቼ ተደንቄ «ይህን እኮ መጻፍ አለብኝ» ስላት፣ «እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ አንተ ዛሬ ነው ያየኸው» አለችኝ።

የጫማውን ግን ከኔ ነው የተማረችው። በክረምት ጫማ በስብሶ ሲገባ፣ ጠዋት ያው እርጥብ ነው። ቀናት ሲያልፉ ውስጡ ይሻግታል። እሳት አጠገብ ካደረጉት ደግሞ ቆዳው ይሰነጠቃል። እኔ ሱቅ የተበላሸ ወረቀት ሞልቷል። ጭምድድ አድርጌ ጫማው ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያን አውጥቼ ደረቅ እቀይርበታለሁ። ሁለተኛው ነው ዋናው፤ የመጀመሪያው ውሃ ጠግቦ እዚያው ካደረ ምንም አልሠራም። ጠዋት ጫማው ደርቆ ይገኛል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያበላሽ እንደ ድሮው አልናደድም።

እናቴ አጋሮ ናት፣ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሁለት ወር አንዴ ነበር የምደውልላት። አሁን እሁድ እሁድ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እደውላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት እሁዶች ስታነሳ «ምን ሆነህ ነው?» ነበር የምትለው። አራተኛው እሁድ ውሃ ጠፍቶ ልብስ ሳላጥብ ዋልኩ፣ መደወሉንም ረሳሁ። ማታ ራሷ ደወለች። «ምን ሆነህ ነው?»

ያልተሳካም አለ። ማታ ማታ ሃያ ገጽ ማንበብ ሦስት ቀን ቆየ። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ መተኛት አልሆነም፤ ሌላ ክፍል የለንም።

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሚስማሩ አይደርስላትም። «የኔስ?» አለች። ጣሳዋን ገለበጥኩና ያንን ሁለተኛውን ሚስማር አወጣሁ። ወገቧ ጋ፣ በቀኝ እጇ በኩል በእርሳስ ምልክት አደረግን። ዘነዘናውን ባለቤቴ ከሰሞኑ ከፍ ያለ ቦታ ነው የምታስቀምጠው። መዶሻ ልዋስ እማማ ቤት ሄድኩ።

12:30 ሆኗል። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ጀበናው ወርዷል። ለካ ልጃቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ ቤቱ ሞልቷል። መዶሻውን ሰጡኝና፣ የኔን የተደፋች ስኒ ቀና አድርገው ቀዱባት። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም። በረካው ሳይደርስ እንዴት ይወጣል?

ሚስማሩ ተመቷል፣ ቦርሳዋ ተሰቅሏል። አሁን ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ይህን የምጽፈው ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።