የነርሷ እጅ

ዛሬ አራት ኪሎ ጀበና ቡና ልጠጣ ቁጭ አልኩ። ባለቡናዋ አጠገብ ባለቧንቧ ጀሪካን አለ። በኮሮና ጊዜ ለእጅ መታጠቢያ የተቀመጠ ነው፣ እስካሁን አልተነሳም።

«ያኔ ማንን አመንሽ?» አልኳት። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከተነገረ በኋላ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያላዘዘልን ማን ነበር? ስልክ ስንደውል እንኳን «እጃችሁን ታጠቡ» ነበር የሚቀድመው።

«ፌጦውንም በልቻለሁ» ብላ ሳቀች። «ግን አንዲት ነርስ ደንበኛ ነበረችኝ። ሳትታጠብ ስኒ አትነካም። አውራ ጣቷን ለብቻው፣ ጥፍሯን መዳፏ ላይ እየፈተገች። የእጇ ጀርባ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። እሱን አይቼ ነው ጀሪካኑን የገዛሁት።»

እኔስ ማንን አይቼ አመንኩ? ትዝ የሚለኝ አክስቴ በቴሌግራም የላከችልኝን ሳልጨርሰው ለስንቱ እንዳስተላለፍኩት ነው።