አረጋውያን በራሳቸው ጉዳይ መወሰን መቻላቸውን ስመረምር የተማርኩት

በሐዋሳ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ትኩረቴን ወደ አረጋውያን ያዞሩት ማመልከቻዎች ናቸው። ከተማዋ እየሰፋች የቤትና የቦታ ዋጋ በናረ ቁጥር፣ «እናታችን አእምሯቸው ስለ ደከመ የሕክምና ማስረጃ ይሰጠን» የሚሉ ቤተሰቦች በረከቱ። አብዛኞቹ ከልባቸው የሚጨነቁ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን የሚፈልጉት ሕክምና ሳይሆን ለውክልና ወይም ስም ለማዛወር የሚረዳ ወረቀት ነው።

በቅድሚያ ጥያቄውን መለወጥ ነበረብኝ። «አእምሯቸው ደህና ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤትንም ሆነ ታማሚውን የሚጠቅም መልስ የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 196 ማንኛውም ሰው ሕጋዊ ተግባር የመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይገምታል፤ የለውም የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። አፕልባውምና ግሪሶ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት መመዘኛ ደግሞ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ምርጫን መግለጽ፣ የተነገረን መረዳት፣ ጉዳዩ በራስ ላይ የሚያስከትለውን መገንዘብ፣ አማራጮችን አመዛዝኖ ምክንያት ማቅረብ። ስለዚህ የምመረምረው ሰውየው በዚህ ጉዳይ፣ በዚህ ጊዜ መወሰን ይችል እንደሆነ ነው፤ የሽያጭ ውል መረዳት ያቃታቸው አባት ማን እንዲያስታምማቸው እንደሚፈልጉ በሚገባ ሊወስኑ ይችላሉና።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ጥያቄዬን እየቀደመ ይመልስላቸው ነበር፤ ውጭ እንዲጠብቅ ስጠይቀው «ዶክተር፣ ያለእኔ አይናገሩም» አለኝ። በአገራችን እናትን ከልጅ ነጥሎ ማነጋገር እንደ ንቀት ሊታይ ስለሚችል፣ ለሁሉም ታካሚ የማደርገው መሆኑን በትሕትና አስረዳሁት። ከዚያ ጆሯቸውን አየሁ፤ ሁለቱም በኩክ ተደፍነው ነበር። ከታጠበላቸው በኋላ ድምፄን ሳላነሳ ተነጋገርን። የእድራቸውን ወርኃዊ መዋጮ፣ የተከራዮቻቸውን ስምና የሚከፍሉትን ኪራይ ነገሩኝ። ስለ ውክልናው ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሲነበብልኝ ‹መሸጥ› የሚል አለበት። ማከራየቱን ያከራይልኝ፤ ከሸጠው ግን እኔ የት እገባለሁ?» አሉኝ። አራቱም መመዘኛዎች በዚህ መልስ ውስጥ ስላሉ ቃላቸውን እንዳለ በሪፖርቴ ላይ አሰፈርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በሰፊው የሚሠራበት ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ መመዘኛ ዓረፍተ ነገር ማጻፍንና ከመቶ ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን ይጨምራል። ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያን ነጥብ የሚያጡት ባለመማራቸው እንጂ በመርሳት በሽታ ላይሆን ስለሚችል፣ በውጤቱ ብቻ አልፈርድም። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩትንም በዘመድ ሳይሆን ቋንቋውን በሚያውቅ ነርስ አስተርጓሚነት ነው የምመረምረው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ያለበት አረጋዊ በድንገት ሊቃዥና ሰው መለየት ሊሳነው ስለሚችል፣ ሕመሙ ታክሞ እስኪረጋጋ ድረስ ቤተሰቡ ምንም ቢቸኩል ማስረጃ አልጽፍም። የታይሮይድ እጥረት፣ የቢ12 ቫይታሚን ማነስና ድባቴም አእምሮን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ሳይመረመሩ አይታለፉም።

በደል ስጠረጥር የማየው ሰውነትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአጋጣሚ ከሚደርሱ ሰንበሮች ወደ 90 ከመቶ የሚሆኑት በእጅና በእግር ላይ እንደሚገኙ፣ የሰንበሩ ቀለምም ዕድሜውን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማያሳይ አረጋግጧል። ስለዚህ በጆሮ፣ በአንገት ወይም በመቀመጫ ላይ ያየሁትን በሥዕል አስደግፌ ከነስፋቱ እመዘግባለሁ፤ «ከሦስት ቀን በፊት የደረሰ ነው» ብዬ ግን አልጽፍም። እኔ ዘንድ ከዱላ ይልቅ የሚበዛው ጡረታን ተቀብሎ መድኃኒት አለመግዛት፣ አረጋዊውን ቤት ቆልፎ መሄድ ነው፤ ይህን የሚያጋልጠው በየቀጠሮው የሚመዘገብ ክብደትና ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጣ የጀርባ ቁስል ነው። ሆኖም ቁስል ሁሉ የክፋት ማስረጃ አይደለም። አባቷን ብቻዋን ስታገላብጥ ወገቧ የተጎዳ ልጅ የሚያስፈልጋት ክስ ሳይሆን ተለዋጭ አስታማሚ ስለሆነ፣ ጎረቤትና እድር እንዲያግዟት እጠይቃለሁ።

ታማሚው በእርግጥ መወሰን ካልቻለም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 351 መሠረት ሕጋዊ ተግባር እንዳይፈጽም የመከልከል ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። የእኔ ሪፖርት ያልቻሉትን ብቻ ሳይሆን አሁንም የሚችሉትን፣ ለምሳሌ ከየትኛው ልጃቸው ጋር መኖር እንደሚፈልጉ መናገራቸውን፣ ለይቶ ያስቀምጣል።