የወንድም ለቅሶ፣ 30 ብር

ሥራዬ ጥብቅና ነው። አልፎ አልፎ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ አድርጎ ይሾመኛል። ሰው ሲሞት ንብረቱን፣ ዕዳውንና ወራሾቹን አጣርቼ ሪፖርት አቀርባለሁ ማለት ነው። ንብረቱ ብዙም አያስቸግርም። ቤቱ ካርታ አለው፣ ገንዘቡ ባንክ ነው። አድካሚው ወራሽ ፍለጋው ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ ደጋግሜ የማወራውን አንድ ጉዳይ ላካፍላችሁ። ሰዎቹን የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ፣ ስሞቹንም ለውጫለሁ።

ሟች ጉለሌ አካባቢ የኖሩ አዛውንት ሴት ናቸው። ልጅ አልወለዱም፣ ባለቤታቸውም ቀድመዋቸዋል። በ1994 የሞተ ወንድም ነበራቸው። የእሱ ሁለት ወንዶች ልጆች «ከእኛ በቀር ወራሽ የለም» ብለው አመለከቱ፣ ሦስት ምስክርም አቆሙ። ሦስቱም የሰፈር ሰዎች ናቸው። ሦስቱም «ሌላ ወንድም እህት አናውቅባቸውም» አሉ።

ምስክሮቹ አልዋሹም። የውርስ ምስክር የሚናገረው የሚያውቀውን ነው። የ60 ዓመት ጎረቤት፣ እሱ ሳይወለድ ከቤት ስለወጣ ሰው ምን ሊያውቅ ይችላል?

የልደት ወረቀት ይታይ እንዳይባል፣ የትኛው ወረቀት? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ፣ ብዙ ደንግጎ ነበር። ግን ያ ክፍል ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል እዚያው ሕጉ ላይ ተጻፈ። በዚያው ቀረ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን፣ ስንወለድ የጻፈን የመንግሥት መዝገብ የለም።

ድሮ ለዚህ መዝገብ አያስፈልግም ነበር፤ ሰው ዘሩን በቃሉ ይቆጥር ነበር። በሰሜኑ የርስት አገር መሬት የሚደርስህ ከአቅኚው አባት ጀምረህ፣ በአባትም በእናትም ቆጥረህ እስከ ራስህ ስትወርድ ነው። መቁጠር ያቃተው መሬቱን ያጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ሁሉ ቆጠራ ጥቅሙን አጣ። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ዛሬም አለ። ሙግት አሸናፊ ቆጣሪ ግን እየጠፋ ሄደ። ለመርሳታችን ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የዕድር መዝገብ እጠይቃለሁ። ዕድር እንደ ዝምድናው ቅርበት ነው የሚከፍለው። ለባል ይህን ያህል፣ ለወላጅ ይህን ያህል፣ ለወንድም ይህን ያህል። ስለዚህ ማን ለማን ምን እንደነበረ ይጽፋል። ያን የሚጽፈው ደግሞ ገንዘብ ስለሚያወጣ ነው፤ ስለ ወደፊቱ ውርስ ክርክር አያውቅም፣ አያስብምም። ለክርክር ተብሎ ካልተጻፈ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቦቹን ከቁም ሳጥን አወጡልኝ። አሮጌው ጥቁር ሽፋን አለው፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ቀን፣ የአባል ስም፣ የሟች ዝምድና፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ ይላል። የ1994ቱን ወንድም ከአዲሱ መዝገብ ላይ ወዲያው አገኘሁት። ወደ ኋላ መግለጤን ቀጠልኩ። ነሐሴ 1969 ላይ የሟች ስም እንደገና አለ። «የወንድም ለቅሶ፣ ድሬዳዋ፣ 30 ብር።» ከጎኑ በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ። የወንድምየው ስም ግን የለም።

በእኛ አገር የአጎት ልጅም ወንድም ነው፣ አብሮ አደግም ወንድም ነው። ጸሐፊውን ስጠይቃቸው «ለአጎት ልጅ አንከፍልም፣ ድሮም አልከፈልንም» አሉ። ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ወረቀት የንስሐ አባታቸው ዘንድ ነበር። ምስጢር ይንገሩኝ አላልኳቸውም። የጠየቅኳቸው ሴትዮዋ በጸሎት የሚያስቧቸውን ሙታን ስም ብቻ ነው። ትንሽ ቆይተው ደብተራቸውን ገለጡልኝ። የክርስትና ስም ብቻ ነው ያለው፤ የአባት ስም የለም፣ ዝምድና የለም። የአባታቸውን፣ የእናታቸውን፣ የባላቸውንና የ1994ቱን ወንድም ከአመልካቾቹ ጋር ለየን። ሁለት ስም ተረፈ። ወልደ ሰንበት እና ወለተ ማርያም።

አንዲት የሰፈሩ እናት ደግሞ ልጅ ሆነው የሰሙትን ነገሩኝ። «ወንድሜ ሸመንደፈር ነው የሚሠራ፣ ይሉ ነበር።» ሸመንደፈር ያሉት ባቡሩን ነው።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከተማዋም ከእሱ ጋር ነው የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ 1909 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ በሐዲዱ ወርዶ እዚያው የቀረ ወጣት ብዙ ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞችን አነጋገርኩ። ስሙን አላውቀውም፣ በ1969 ክረምት የሞተ፣ አዲስ አበባ እህት ያለችው ሰው ነው አልኳቸው። እነሱ ደግሞ ያንን ክረምት አይረሱትም። የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሊይዝ የመጣበት ነሐሴ ነው። የባቡር መስመሩም በጦርነቱ ተቆርጦ ነበር። የአዲስ አበባ ዘመድ ለቀብር ሊመጣ አይችልም። በዚያ ወር የቀበሯቸውን ባልደረቦቻቸውን እየተራረሙ ቆጠሩ፤ ሦስት ቤተሰብ ጠቆሙኝ።

ሁለቱ አልሆኑም። ሦስተኛው ቤት ያገኘኋቸው ሴት በዕድሜ ገፍተዋል። ጉዳዩን ከመዘርዘሬ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ የአባትዎ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሊያደርግልህ?»

«ይንገሩኝና እነግርዎታለሁ።»

«ወልደ ሰንበት።»

ስሙን ቀድሜ ብናገር ኖሮ ያ መልስ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ጀማሪ የሥራ ባልደረቦቼን አደራ የምላቸው ይህንን ነው። ቤት ይደርሰኛል ብሎ ተስፋ ለሚያደርግ ሰው መልሱን አታጉርሱት።

ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የአባታቸውን የሥራ ወረቀት አወጡ። በፈረንሳይኛ ነው። ሰውየው ኃይሉ ነው የሚባለው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ በ«አ» ይጀምራል። ፈረንሳዮች «ሀ»ን ስለማይሉት አይሉ ብለው ጽፈውታል። በ«ሀ» ተራ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። የአባት ስም «ገብሬ» ይላል፤ የእኛ ሟች መታወቂያ ላይ ግን ገብረ መስቀል ነው። እትዬ የአያታቸውን ሙሉ ስም ጠርተው፣ የአያታቸውን አባት ጨምረው፣ የትውልድ አገራቸውን ነገሩኝ። ከአመልካቾቹ ቃል ጋር አንድ ነው። የልደት ዓመቱ 1918 ይላል፣ በፈረንጅ። «አባቴ የኅዳር በሽታ ጊዜ ነው የተወለደ» አሉ። የኅዳር በሽታ በእኛ 1911 ነው። ገጠመ።

የእኛ መዛግብት ስም ሲጽፉ አባትና አያትን ይዘው ይሄዳሉ። እናትን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የፈረንሳይኛው ቅጽ ግን እናትንም ጠይቆ ኖሮ ስሟ ተጽፏል። ከሟች እናት ስም ጋር አይመሳሰልም። ይህ ብቻውን አይበቃኝም፤ አንዲት ሴት ሁለት ስም ሊኖራት ይችላል። እትዬ ግን ጥርጣሬውን ዘጉት። የኃይሉ እናት በዚያው በሽታ፣ አራስ እያሉ ነው የሞቱት። የኃይሉ አባት ከዓመታት በኋላ ሌላ አገቡ። የእኛ ሟች ጣሊያን የገባ ጊዜ፣ በ1928 ነው የተወለዱት። እንግዲህ በአባት ብቻ ነው የሚገናኙት።

ሕጉ ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ውርሱ ለወላጆቹ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ወላጅ ከሞተ ድርሻው ለራሱ ተወላጆች ይወርዳል። የእናትየው ግማሽ ሙሉ ለሙሉ ወደ 1994ቱ ወንድም ልጆች ሄደ። የአባትየው ግማሽ ለሁለቱ ወንድማማቾች መስመር እኩል ተከፈለ። ቤቱ አራት እጅ ቢሆን ሦስቱ የአመልካቾቹ፣ አንዱ የድሬዳዋዎቹ ነው። የዕድሩን መዝገብ ብቻ ይዤ ሁለቱንም ሙሉ ወንድም ብል ግን ድርሻው እኩል በእኩል ይሆን ነበር።

ለአመልካቾቹ ስነግራቸው ታላቅየው ደነገጠ።

«እኛ እኮ አልዋሸንም።»

«አውቃለሁ። አባታችሁ ስለ እሱ አንስቶ አያውቅም?»

«አንድም ቀን። እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ናቸው?»

«አምስት ልጆች፣ ከልጅ ልጆቹ ውጪ።»

ዝም ብሎ ቆየና ስልካቸውን ጠየቀኝ። እውነቱን ልናገር፣ ክርክር ነበር የጠበቅሁት። ሲሶ አይሞላም እንጂ ከቤቱ ላይ የሚቀነስባቸው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ተስማምተው ፈረሙ። በጋዜጣ ለወጣው ጥሪም ሌላ የቀረበ ሰው የለም።

ወለተ ማርያምን አላገኘኋትም። በክርስትና ስም ብቻ፣ ያውም ይህን ያህል በበዛ ስም፣ ሰው መፈለግ ከባድ ነው። እህት ትሁን ጓደኛ፣ ወይም በሕፃንነቷ የሞተች ልጅ፣ ጉለሌም ድሬዳዋም የሚያውቅ አልተገኘም። ሪፖርቴ ላይ አልዘለልኳትም። «ስሟ በሟች የጸሎት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ፣ ዝምድናዋ ያልተረጋገጠ» ብዬ ጽፌ፣ የት የት እንደጠየቅሁ ዘርዝሬ፣ የደብተሩን ገጽ ቅጂ አያይዤ አስገባሁ። ፍርድ ቤቱም ሪፖርቱን እንዳለ ተቀብሎ አጸደቀው።