ደረጃው አንድ አይደለም፦ ከጎጃም የሚመጡ ልጆችና የአሜሪካ ኢመርዥን ሚድል ስኩል

ለጎጃም ሰው የትምህርት ደረጃ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ዋሸራም ሆነ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ጉባኤ ቃናው ሳይሞላለት መወድስ የሚቆጥር ተማሪ የለም። መሰላሉ አንድ ነው። የአሜሪካ ሚድል ስኩል (ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው) ግን፣ በተለይ ኢመርዥን፣ ማለትም ትምህርቱን በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ያለበት፣ እንዲህ አይደለም። አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሦስት መሰላል ይወጣል፦ የእንግሊዝኛውን፣ የኢመርዥን ቋንቋውንና የሒሳቡን። በአንዱ ታች፣ በሌላው ላይ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ይህን ለይቶ ካልጠየቀ የእንግሊዝኛው ዝቅተኛ ውጤት ሒሳቡንም ይዞት ይወርዳል፤ ልጁም እስከ 8ኛ ክፍል እዚያው ይከርማል።

ኢመርዥን ማለት ቋንቋን እንደ አንድ ትምህርት መማር አይደለም። ታሪኩ ወይም ሳይንሱ ራሱ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በቻይንኛ ይሰጣል። በ1965 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ፣ ሴንት ላምበርት ላይ ተጀመረ፤ በአሜሪካ ደግሞ በ1971 ካሊፎርኒያ፣ ከልቨር ሲቲ በስፓኒሽ ተከተለ። በታችኛው ክፍል የቀኑን ግማሽ፣ አንዳንዱም እስከ 90 በመቶውን በዚያ ቋንቋ ያስተምራል። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ሚድል ስኩል ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለት ትምህርት ይወርዳል፤ አንዱ የቋንቋው ንባብና ጽሑፍ፣ ሌላው ሶሻል ስተዲስ (የኅብረተሰብ ትምህርት) ወይም ሳይንስ ነው።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጅ ሊኖር ይችላል። ታናሽየው እዚያው ተወልዶ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በስፓኒሽ የተማረ ነው። ታላቁ ከቢቸና ወይም ከሞጣ በ12 ዓመቱ የመጣ ነው። «የታናሹ ትምህርት ቤት ጥሩ ነውና ታላቁም እዚያው ይግባ» ማለት የተለመደ ነው። ኢመርዥን ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው ከ1ኛ ወይም ከ2ኛ ክፍል በኋላ ያለ ቋንቋ ፈተና አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። የ6ኛ ክፍል ስፓኒሽ ሶሻል ስተዲስ የተዘጋጀው የስድስት ዓመት ስፓኒሽ ይዞ ለሚመጣ ልጅ ነውና ክልከላው ተገቢ ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ ተዘጋ ማለት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ተራ የሰፈር ትምህርት ቤት ናቸው፤ ኢመርዥኑ ውስጣቸው ያለ አንድ ክፍል ነው። አዲስ መጪው በመደበኛው ይገባና ስፓኒሽ ሲያምረው ከጀማሪው ኮርስ ይነሳል፤ ይህም ብዙ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ 7ኛ፣ ግማሹ 8ኛ ክፍል ይሰጣል። ስለዚህ ሲመዘገቡ ቀድሞ የሚጠየቀው «ትምህርት ቤቱ በሙሉ ኢመርዥን ነው ወይስ ፕሮግራሙ ብቻ?» ነው።

የኮርስ ምርጫው ወረቀት ሲመጣ ችግሩ የሰዓት ጥበት ነው። ቀኑ በሰባት ክፍለ ጊዜ ተከፍሏል እንበል፤ እያንዳንዱ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ስፖርትና ጤና አምስቱን ይወስዳሉ። ለምርጫ የሚቀረው ሁለት ነው፤ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ኮምፒውተር፣ ቲያትር የሚገባው እዚያ ነው። ኢመርዥን የሚማር ልጅ ሶሻል ስተዲሱን በስፓኒሽ ስለሚማር ያ ትርፍ ሰዓት አይፈጅም፤ የቋንቋው ንባብና ጽሑፍ ግን ከሁለቱ አንዷን ይወስዳል። እንግሊዝኛ ድጋፍ፣ ኢሶል የሚሉት፣ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ሆኖ ከተሰጠ ደግሞ ሁለተኛዋን ይወስዳል። ያኔ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ በቋንቋ ተወጥሮ ይውላል። አዲስ ለመጣ ልጅ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ያችን አንዷን የሙዚቃ ወይም የሥዕል ሰዓት አሳልፋችሁ አትስጡ። ጓደኛ የሚያገኘው፣ ሳያፍር እንግሊዝኛ አፉን የሚፈታው እዚያ ነው። ተጨማሪ ቋንቋው በ7ኛ ክፍል ይደርሳል።

የእንግሊዝኛው መሰላል የሚጀምረው በምዝገባ ቀን ከምትሞላው የቤት ቋንቋ ቅጽ ነው። ጥያቄዎቿ ጥቂት ናቸው፦ ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታው በየትኛው ቋንቋ ነው? ቤት ውስጥ የሚነገረው የትኛው ነው? እሱስ አብዝቶ የሚናገረው? አንዳንድ ዘመድ ልጁ «ዝቅተኛ ክፍል ይገባል» ብሎ ፈርቶ እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ልጁ አይፈተንም፣ ድጋፍም አያገኝም፣ በኅዳር ሁለት ሦስት ትምህርት ሲወድቅ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። እውነቱን ጻፉ። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ገጠር የመጣና ቤቱ አገውኛ የሚነገርበት ልጅ ከሆነ አዊኛ ተብሎ ይጻፍ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው መሆኑ ለመምህሩ ትልቅ መረጃ ነው።

በብዙ ስቴቶች፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታን ጨምሮ፣ ልጁ የሚመዘነው ዊዳ በሚባለው ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ነው። በየዓመቱ የሚሰጠው ፈተና አክሰስ ይባላል። ወላጆች የሚያማርሩት «ልጄ እንደ ፈረንጅ ይናገራል፣ ለምን ከኢሶል አይወጣም?» እያሉ ነው። ምክንያቱ አመዛዘኑ ውስጥ አለ። ከጠቅላላው ውጤት ንባብ 35 በመቶ፣ ጽሕፈት 35 በመቶ ሲይዙ፣ ማዳመጥና መናገር እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥንና ጓደኛ የሚያስተምሩት 30ውን ነው። ሰባው ከመጽሐፍና ከደብተር ይመጣል። ስለዚህ የውጤቱ ወረቀት ሲመጣ ጠቅላላውን ቁጥር ትታችሁ አራቱን ለየብቻ ተመልከቱ፤ ጽሕፈቱ 2.5 ሆኖ መናገሩ 5 ከሆነ መምህሯን ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ጠይቋት። ወላጅ የኢሶል አገልግሎቱን አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ ዓመታዊው ፈተና ግን እስኪያልፍ ድረስ አይቀርም።

ሒሳቡ ላይ ቆም እንበል፤ ለጎጃም ልጅ ትልቁ ሀብቱ እሱ ነው። የተለመደው መንገድ የ6ኛ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ተምሮ በ9ኛ አልጀብራ 1 መግባት ነው። ፈጠን ያለው መንገድ አልጀብራ 1ን በ8ኛ ያስወስዳል፤ ያ ልጅ በ9ኛ ጂኦሜትሪ፣ በ10ኛ አልጀብራ 2፣ በ11ኛ ፕሪካልኩለስ ተምሮ በ12ኛ ካልኩለስ ላይ ይደርሳል። በተለመደው የሄደው 12ኛን በፕሪካልኩለስ ይጨርሳል። ለምህንድስና የሚያስብ ቤተሰብ ይህን 6ኛ ክፍል ላይ ማወቅ አለበት። የሚበላሸው በመመደቢያ ፈተናው ነው። ጥያቄው «ሳራ ከ12 ኩኪዎች ሦስት አራተኛውን ሰጠች፤ ስንት ቀራት?» ዓይነት ነው፣ በእንግሊዝኛ። ልጁ 3/4 ሲባዛ በ12 ዘጠኝ መሆኑን በቃሉ ያውቃል፤ «ስንት ቀራት» የሚለውን ቃል ስላልያዘ ግን ዘጠኝ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሦስት ነበር። የተፈተነው ሒሳቡ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) «በቁጥርና በምልክት ብቻ በሚጻፉ ጥያቄዎች እንደገና ይፈተንልን» ማለት ይቻላል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ኢሜይል ይበቃል። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ይህን የሚያስገድደው የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ይመለከታል። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ከደብረ ማርቆስ ሳይነሱ የሚያልቅ ሥራም አለ። ካርዱ ላይ 78 የሚል አማካይ አሜሪካ ውስጥ ሲ ተብሎ ይነበባል፤ እዚያ 90 እና ከዚያ በላይ ነው ኤ። ልጁ ግን ከ60 ተማሪ 2ኛ የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ደረጃውን፣ የክፍሉን ተማሪ ብዛትና ማለፊያው 50 መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቁ። የልደት ቀን ደግሞ በጥንቃቄ ይመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ 7 ይደመርለታል፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። ኅዳር 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2012 ነው፤ በስሕተት 8 ተደምሮ 2013 ከተባለ በአንድ ዓመት ያንሳል፣ ክፍሉም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ፓስፖርቱ፣ የክትባት ወረቀቱና ካርዱ አንድ ቀን መናገር አለባቸው።

በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ዓመት ያለፋቸው ብዙ ልጆች አሉ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አትደብቁት። አሜሪካ ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው መጤ ተማሪዎች የተለየ ምድብ አላት፤ ብዙ ዲስትሪክቶችም (የትምህርት ወረዳዎች) ለእነሱ አነስ ያለ ክፍልና ተጨማሪ ንባብ ያዘጋጃሉ። የትኛው ዓመት፣ ስንት ወር እንደተዘጋ በአንድ ገጽ ጻፉ። ያለዚያ ክፍተቱ የአእምሮ ድክመት ተደርጎ ይወሰድና ልጁ ወደ ልዩ ፍላጎት ምርመራ ሊላክ ይችላል።

እዚያው ላደገው ታናሽ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ኢመርዥን ቋንቋ፣ እንደ አልጀብራ 1 ሁሉ፣ በብዙ ቦታ የሃይስኩል ክሬዲት (ለመመረቅ የሚያዝ ነጥብ) ሆኖ ይቆጠራል። ክሬዲቱ ጥሩ ነው፤ ሲ ከመጣ ግን ሲውም አብሮ ወደ ሃይስኩል ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ይገባል። በቨርጂኒያ ወላጅ በጽሑፍ ሲጠይቅ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ሰኔ ላይ ካውንስለሩን መጠየቅ ነው። ኢመርዥን ማለት ኦነርስ፣ ከመደበኛው ከፍ ያለ ክፍል፣ ማለት አለመሆኑም ይታወቅ። የሶሻል ስተዲሱ ይዘት መደበኛው ነው፣ ቋንቋው ብቻ ተለወጠ።

አማርኛው የት ገባ? ካሊፎርኒያ በ2011 የጀመረችው፣ በሁለት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ተመራቂ በዲፕሎማው ላይ የሚደረግ ማኅተም ዛሬ በመላው አሜሪካ አለ፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጽሕፈቱ በፊደል ነው። ከቢቸና 6ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣው ታላቅ ልጅ በዚህ ከታናሹ ይቀድማል፤ ግን ሦስት ዓመት ሳይጽፍ ከቆየ «ጸ» እና «ፀ»ን ብቻ ሳይሆን «ቸ» እና «ቼ»ንም ማምታታት ይጀምራል። በሳምንት አንድ ገጽ፣ ለአያቱ ደብዳቤ ይሁን፣ በእጁ ይጻፍ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ በ9ኛ ክፍል ደግሞ የአማርኛ ኪቦርዱን መልመድ አለበት።