ካውያ ተኩሰዋል እንዴ?

ደንበኛዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። 5.12 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት ከሚቀይረው መሣሪያ) ጋር ገጥሜላቸው፣ «ለማቀዝቀዣ፣ ለአምፖልና ለራውተር ከሆነ ሌሊቱን ያነጋል» ብዬ ነበር። በሳምንቱ ደወሉ፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ጠፍቷል።

ከመሄዴ በፊት አለቃዬ «ሁለተኛ ባትሪ ሽጥላቸው» አለኝ። የእሱ መፍትሔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ባትሪ ነው።

እንደገባሁ «እማማ፣ ካውያ ተኩሰዋል እንዴ?» አልኳቸው። አልተኮሱም። አላመንኳቸውም። ኪሎዋት (ዕቃው የሚበላበት ፍጥነት) ሌላ፣ ኪሎዋት ሰዓት (በጠቅላላ የበላው) ሌላ መሆኑን ዐሥር ደቂቃ ያህል አስረዳኋቸው፤ ለሒሳብ መምህርት! ጨርሰው ሰሙኝና ደብተራቸውን ገለጡ፤ «መብራት ሄደ 1:10፤ ባትሪ አለቀ 3:10።»

«ልጄ፣ ከ5.12 ላይ ባትሪው ውስጥ ሳይነካ የምታስቀረውን 10 በመቶ ቀንስና ለ2 አካፍለው።»

«2.3 ኪሎዋት።»

«ማቀዝቀዣው፣ አምፖሉና ራውተሩ 0.3 ነው ብለኸኛል። ሁለቱን ኪሎዋት ማን በላው?»

መልስ አልነበረኝም። የብሬከር ሳጥኑን ከፈትኩ። በባትሪው በኩል ካሉት ብሬከሮች አንዱ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ኮሪደር» የተባለው፣ ወደ ውኃ ማሞቂያው ይሄዳል። ረዳቴን ልወቅስ ቃጣኝ፤ ግን የገጠምኩ ዕለት ረዳት አልነበረኝም። ስፈትሽስ እንዴት አመለጠኝ? ያን ቀን ውኃው ቀድሞ ሞቆ ስለነበር ቴርሞስታቱ ቆርጦታል፤ ኢንቨርተሩ ላይ ያነበብኩት 280 ዋት ብቻ ነበር። መብራት በሄደ ምሽት ግን የልጅ ልጆቻቸውን አጥበው ጋኑን ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶታል። 80 ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ሒሳቡ ገጠመ። ባትሪው የትም አልጠፋም፤ ሙቅ ውኃ ሆኖ ጋኑ ውስጥ ተቀምጧል።

«በጨለማ የሚታጠብ ሰው ባገኝ ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉ፣ ሳይስቁ።

ሽቦውን ወደ ዋናው መስመር መለስኩ፤ ገንዘብ አልጠየቅኩም። አለቃዬ ሁሉንም ከነገርኩት በኋላ «እና ሁለተኛውን አልሸጥክም?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከመናገሬ በፊት ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ ከገጠምኩም በኋላ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ ምን እንደሚጠፋ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቤት ስጠራ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከአፌ የወጣው «ካውያ ተኩሰዋል እንዴ?» ነበር። ሰውየው ተኩሰው ነበር።